በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ሦስት መንግሥታት

ከሞምባሳ ወደብ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1901 መጨረሻ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ሲደርስ፣ መድረሻው የሆነችው ትንሽ ሠፈር ፖርት ፍሎረንስ ትባል ነበር። የዛሬዋ ኪሱሙ ናት። ቦታው ያን ጊዜ በኡጋንዳ ግዛት ውስጥ ይቆጠር ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ በ1902፣ የእንግሊዝ መንግሥት የአስተዳደር ወሰኑን ወደ ምዕራብ ስላዛወረው ሐዲዱም ከተማዪቱም በዙሪያዋ የሰፈረውም ሕዝብ ኋላ ኬንያ ለተባለው ግዛት ተላለፉ። ገበሬው ከማሳው፣ ዓሣ አጥማጁም ከጀልባው አንዲት እርምጃ አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው መስመሩ ብቻ ነበር። ለጊዜው ይህ ለውጥ ለአብዛኛው ሰው ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ያለው ገዥ አንድ ነበርና። ከ60 ዓመት በኋላ ነጻነት ሲመጣ ግን አንድ ሕፃን ከመስመሩ በየትኛው ወገን መወለዱ ትምህርት ቤት ለመግባቱም፣ አምስተኛ ዓመቱን ለማየቱም ትልቅ ምክንያት ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐይቁ ራሱ ለሦስት የተከፈለ ነው። ግማሽ ያህሉ የታንዛኒያ፣ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የኡጋንዳ ሲሆን ለኬንያ የደረሳት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አባይ ከጣና እንደሚወጣ ሁሉ ነጭ አባይም ከዚህ ሐይቅ በጂንጃ በኩል ይወጣል። የሉኦ ቋንቋ ተናጋሪዎች በኬንያም በታንዛኒያም፣ የቴሶና የሳሚያ ሰዎች በኬንያም በኡጋንዳም ይኖራሉ። የሚጠብቁት ዝናብ፣ የሚያጠምዱት ዓሣ፣ የሚፈሩት ወባ አንድ ነው። ሦስቱ አገሮች ነጻ በወጡ ማግስት እንኳ የባቡር፣ የፖስታና የአየር መንገድ አገልግሎታቸው የጋራ ነበር፤ ለጥቂት ዓመታትም በአንድ ሽልንግ ተገበያይተዋል። ከ1963 እስከ 1970 ድረስ የማኬሬሬ፣ የናይሮቢና የዳሬ ሰላም ኮሌጆች አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። የአስተዳደር ጥራት በሰው ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ስፍራ በአካባቢያችን አይገኝም። እርግጥ ነው፣ መነሻቸው ፍጹም እኩል አልነበረም። ኬንያ ወደብና የሰፋሪዎች እርሻ፣ ኡጋንዳ የቆየ የቡጋንዳ መንግሥትና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ነበሯት፤ ከሦስቱ ድሃዋ ታንጋኒካ ነበረች።

ስለ ቃላቱም ጥቂት ማለት ያሻል። «ሰብዓዊ ልማት» የሚለው አነጋገር በዓለም መድረክ የታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1990 የመጀመሪያውን ዓመታዊ ዘገባ ሲያወጣ ነው። ፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማህቡብ ኡል ሐቅ፣ በሕንዳዊው ባልንጀራው በአማርትያ ሴን ሐሳብ እየታገዘ፣ የአንድን አገር እርምጃ በገቢ ብቻ ሳይሆን በዕድሜ ርዝማኔና በትምህርትም ጭምር መለካት ይገባል ሲል ተነሣ። «መልካም አስተዳደር» ደግሞ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ጋዜጦችና በመሥሪያ ቤት ሪፖርቶች እጅግ የተዘወተረ፣ ከመዘውተሩም የተነሣ የደነዘዘ ሐረግ ነው። ስዋሂሊው «ኡታዋላ ቦራ» ይለዋል፤ ቃል በቃል መልካም አገዛዝ ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ቃሉ የሚያመለክተው የሚያስተዳድረውን ሰው ነው። የሚተዳደረው ሰው ምን ያውቃል፣ ምንስ መጠየቅ ይችላል የሚለው ጥያቄ ከሐረጉ ውጭ ቀርቷል። የሐይቁ ዙሪያ ታሪክ ግን በዋናነት የሚያጠነጥነው በዚህ በቀረው ጥያቄ ላይ ነው።

በ1962 ነጻነት ሲታወጅ ብዙ ተስፋ የተጣለባት ኡጋንዳ ነበረች። በ1922 የተመሠረተው ማኬሬሬ የምሥራቅ አፍሪካ ምሁራን መፍለቂያ ነበር፤ በዚያው በነጻነቱ ዓመት የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ የተካሄደው በግቢው ነው። በራጃት ኔኦጊ አዘጋጅነት በ1961 በካምፓላ የተመሠረተው «ትራንዚሽን» መጽሔት ከአህጉሩ ዳርቻ እስከ ዳርቻ ይነበብ ነበር። በሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1958 በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን፣ ኋላ በስሙ የተጠራውን የካንሰር ዓይነት ለዓለም አስታወቀ። እንዲህ ያለ ሆስፒታልና እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ በአንዲት ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው በዘመኑ ብርቅ ነበር።

መሰንጠቁ የጀመረው ከኢዲ አሚን በፊት ነው። በ1966 ሚልተን ኦቦቴ የካባካውን ቤተ መንግሥት በጦር አስመታ፤ በ1968 የመጽሔቱ አዘጋጅ ኔኦጊ ታሰረ። ጥር 25 ቀን 1971 አሚን ሥልጣን ሲይዝ በካምፓላ ጎዳናዎች የጨፈረው ሕዝብ ብዙ ነበር። በተከታዩ ዓመት የአገሪቱ ዋና ዳኛ ቤኔዲክቶ ኪዋኑካ ከፍርድ ቤት ተወስደው ቀሩ። የማኬሬሬው አስተዳዳሪ ፍራንክ ካሊሙዞም እንዲሁ ተወስደው አልተመለሱም። የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ከሱቅና ከፋብሪካ ባለቤቶች ጋር ሐኪሞች፣ የሒሳብ መምህራንና የመድኃኒት ቀማሚዎችም አብረው ወጡ።

አሚን ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ አልዘጋም። የሆነው ሌላ ነው። የመምህሩ ደመወዝ በስም አለ፤ በገበያ ግን ከጥቂት ቀን አስቤዛ በላይ አይገዛም። መድኃኒቱ በመዝገብ አለ፤ በመደርደሪያ የለም። ኡጋንዳውያን «ማጌንዶ» ብለው የሰየሙት የኮንትሮባንድ ገበያ የአገሪቱ እውነተኛ ኢኮኖሚ ሆነ። በ1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ መትቶት የዓለም ዋጋ ሲንር የኡጋንዳ ገበሬ ቡናውን ለመንግሥቱ ገዥ ድርጅት ማስረከቡን ትቶ በሌሊት በጭነት መኪና፣ በብስክሌትና በጀልባ ወደ ኬንያ ያሻግረው ጀመር። በድንበሩ አጠገብ ያለችው የቼፕኩቤ ገበያ በዚያ ቡና ምክንያት በመላው ኬንያ ዝነኛ ሆነች። ድንበር ለሰዎች ምን እንደሆነ ከፖለቲካ ንግግር ይልቅ የዚያ ቡና ጉዞ ያሳያል፤ ገበሬው ሁለቱን መንግሥታት በሚከፍሉት ዋጋ መዝኖ ፈረደ።

በ1979 የታንዛኒያ ጦር ከኡጋንዳ ስደተኞች ጋር ካምፓላ ገብቶ አሚንን ካባረረ በኋላም ሰላም አልመጣም፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ዮዌሪ ሙሴቬኒ በጥር 1986 ከተማዪቱን እስኪይዙ ዘለቀ። በእነዚህ 15 ዓመታት ትምህርት ቤቱን ያቆመው ወላጅ ነበር። የወላጆችና የመምህራን ማኅበራት ከእያንዳንዱ ቤት ገንዘብ እየሰበሰቡ የመምህሩን ጎዶሎ ሞሉ፣ ጠመኔ ገዙ፣ ጣሪያ አለበሱ። ይህ የሚያስመሰግን ትጋት ነው። ነገር ግን ከበስተኋላው አንድ ጎጂ ልማድ ጥሎ አለፈ፤ ትምህርት ቤት ማለት ወላጅ የሚከፍልበት ነገር ነው፣ ከመንግሥት የሚጠበቅ የለም የሚል ልማድ። የዚህ ልማድ ዋጋ በኋላ ይታያል።

ሐይቁን ወደ ደቡብ የተሻገረ ሰው በዚያው ዘመን ፈጽሞ የተለየ መንግሥት ያገኝ ነበር። ጁሊየስ ኔሬሬ «ምዋሊሙ» ማለትም መምህር ተብለው የሚጠሩት ለወግ ያህል አልነበረም፤ በእርግጥም መምህር ነበሩ። የሼክስፒርን ሁለት ድራማዎች ወደ ስዋሂሊ የተረጎሙ የአገር መሪ መሆናቸው ደግሞ ለቋንቋ ሰዎች የተለየ ግምት ያሰጣቸዋል። በ1967 የአሩሻ መግለጫ ወጣ፤ በ1974 ገዥው ፓርቲ በሙሶማ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ሕፃን በሦስት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወሰነ። መምህራን እስኪሠለጥኑ አልተጠበቀም፤ አንደኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች በመንደራቸው እያስተማሩ በጎን እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በ1967 ከአዋቂው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር፤ በ1986 በመንግሥት አኃዝ የማይችለው ከ10 በመቶ በታች ሆነ። አኃዙ ተጋኖ ይሆናል የሚሉ አልጠፉም፤ አቅጣጫውን ግን ማንም አልካደም። አንድ የጋራ ቋንቋ መኖሩ ረድቷል። የመሪው ቤት ከሕዝቡ ቤት እምብዛም አለመራቁም ረድቷል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚያስታውሰው አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ በ15 ቋንቋዎች እስከ መሰጠት የደረሰ ሲሆን ገና በማግስቱ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ተመሳሳይነቱ ግን በፊደል ሠራዊት አያበቃም። ኔሬሬ «ኡጃማ» ያሉት፣ በቤተሰባዊነት ላይ የተመሠረተው የመንደር ኑሮ በመጀመሪያ በፈቃድ ነበር፤ ከ1973 እስከ 1976 ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ በትእዛዝ ወደ አዲስ መንደሮች ተዛወረ፤ አልወጣም ያለው ቤቱ የተቃጠለበት ቦታም አለ። ማሳው ከቤቱ ራቀ፣ እህል ጎደለ፣ አገሪቱ ከውጭ እህል ለመግዛት ተገደደች። ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ በሐረርጌ ጀምሮ ያካሄደው የመንደር ምሥረታ ይህን ሁሉ እያየ መደገሙ የሚያስገርም ነው። የታንዛኒያ ትምህርትና የታንዛኒያ ረኃብ ከአንድ እጅ የወጡ ነበሩ። ለሕዝቡ የሚያስብ መንግሥት ነበር፤ ሕዝቡ «ይህ አይሆንም» የሚልበት መንገድ ግን አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነዳጅ ሲወደድ፣ የኡጋንዳው ጦርነት ካዝናውን ሲያራቁት፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም በ1977 ሲፈርስ ኢኮኖሚው ወደቀ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ተመለሰ፤ ከትምህርት ገበታ የተለዩት ልጆች ቁጥርም ጨመረ። ክፍያው ዳግመኛ እስከተሰረዘበት እስከ 2001 ድረስ ብዙ ልጆች ከመማር ቀሩ።

ኬንያ ሌላ መንገድ ሄደች። ገበያው ክፍት ነበር፤ ሕዝቡም «ሃራምቤ» እያለ በመዋጮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን ሠራ። በ1974 የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ክፍያ ተነሣ፤ በ1979 ዳንኤል አራፕ ሞይ ቀሪውን አነሡ፣ ለተማሪዎችም ወተት አደሉ። በዚያ ወተት ያደገ ኬንያዊ ዛሬም ስለ ጣዕሙ ያወራል። ይሁን እንጂ ወተቱና መንገዱ ሁሉም ዘንድ እኩል አልደረሰም። በ1965 የወጣው የመንግሥት የምጣኔ ሀብት ሰነድ ገንዘቡ ቶሎ ትርፍ በሚሰጡ ለምና ዝናባማ አካባቢዎች እንዲውል በግልጽ አስፍሯል። ለሰሜኑ፣ ለማንዴራ፣ ለዋጂርና ከኢትዮጵያ ጋር ለተከፈለችው ለሞያሌ ይህ ማለት ጥበቃ ነበር፤ ያውም ከነጻነት ማግስት እስከ 1991 በዘለቀ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሥር። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት አገር ተፈጠረ። የሰሜኑ ልጅ ትምህርት ከናይሮቢው ልጅ ትምህርት ይልቅ ድንበር ማዶ ካለው ዘመዱ ትምህርት ጋር ይመሳሰል ነበር።

ከዚያ 1990ዎቹ መጡ። ጎልደንበርግ በተባለው ቅሌት ከ1990 እስከ 1993 የኬንያ ካዝና ወደ ውጭ ላልተላከ ወርቅና አልማዝ የማበረታቻ ክፍያ ሲከፍል ቆየ፤ ኪሣራው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። አገሪቱ ይህ ነው የሚባል ወርቅ እንደማታመርት ማንም ያውቅ ነበር። በዚያው ዘመን «ወጪን መጋራት» በተባለ መመሪያ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ክፍያ ተጥሎ ስለነበር ወላጆች ልጆቻቸውን ማስወጣት ጀመሩ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1993 ከ1000 ሕፃናት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ የሚሞቱት 96 ነበሩ፤ በ2003 ቁጥሩ 115 ደረሰ። ኤድስ ትልቁን ድርሻ ወስዷል፤ ሁሉንም በሌብነት ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ጦርነት በሌለባት አገር የሕፃናት ሞት ለአሥር ዓመት ሲጨምር ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ አስተማሪ የሆነው ግን በኡጋንዳ የትምህርት ቤት መዝገቦች ውስጥ የተገኘው ነው። የሙሴቬኒ መንግሥት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚመድበውን ገንዘብ ከፍ አድርጎ ነበር። በይፋዊው አኃዝ ግን የተማሪው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ገንዘቡ ጨምሮ ተማሪው ለምን አልጨመረም? በ1996 የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ኢማኑኤል አብሎና ሪትቫ ራይኒካ ጥያቄውን ይዘው ከካምፓላ መሥሪያ ቤቶች ይልቅ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ሄዱ። በ18 አውራጃዎች በ250 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የ1991 እስከ 1995 መዝገቦች ተገለጡ፤ ከማእከል የወጣው ገንዘብ ከየርእሰ መምህሩ ደብተር ጋር ተመሳከረ።

ውጤቱ ሁለት ነገር ገለጠ። አንደኛ፣ የተማሪው ቁጥር በእውነቱ እጅግ ጨምሮ ነበር፤ መሐል ከተማ ያለው መንግሥት የራሱን ተማሪዎች እንኳ አያውቃቸውም ነበር ማለት ነው። ሁለተኛውና የታወቀው፣ በተማሪ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቶች ማንቀሳቀሻ ከተመደበው ድጎማ ከ100 ሽልንግ በአማካይ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ምንም አላገኙም። ቀሪው በአውራጃ አስተዳደሮች ዘንድ ቀልጧል፤ ሁሉም ግን በአንድ ሰው ኪስ ገባ ማለት አይደለም፤ ለሌላ ሥራ፣ ለሹማምንት ወጪና ለፖለቲካ ጉዳይ የዋለው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ክፍፍሉ ነበር። ትልልቅ ትምህርት ቤቶችና ኑሯቸው ሻል ያለ ወላጆች ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ሄደው ተሟግተው ከፊሉን አስለቅቀዋል፤ የድሃ ልጆች የሚማሩባቸው ግን እንዲህ ያለ ገንዘብ መኖሩንም አልሰሙም። አብዛኛው ወላጅ ባለፉት ክፉ ዓመታት የለመደውን መዋጮ እየከፈለ ቀጠለ። ያልተነገረውን ገንዘብ ማን ይጠይቃል?

የኡጋንዳ መንግሥት ጥናቱን መሳቢያ ውስጥ ከመቆለፍ ይልቅ ያደረገው ነገር ሊመሰገንበት ይገባል። ለእያንዳንዱ አውራጃ የተላከው ገንዘብ በየወሩ በጋዜጣ እንዲወጣና በራዲዮ እንዲነገር ተደረገ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን መጠን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በጥር 1997 ከአንድ ቤተሰብ እስከ አራት ልጅ በነጻ እንዲማር የተፈቀደበት ሥርዓት ሲጀመር 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው ተማሪ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ስለ ትምህርት ቤት ገንዘብ መጠየቅም የሕዝብ ወሬ ሆነ። በ2001 እንደገና ሲቆጠር ከድጎማው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከትምህርት ቤቶች ደርሶ ተገኘ። ጋዜጣ መሸጫ አጠገብ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከራቁት የተሻለ አግኝተዋል።

ይህ ታሪክ በዓለም ዙሪያ በየጉባኤው ሲነገር ጋዜጣው ብቻውን ሌባ ያሳፈረ ይመስላል። ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ይህን አለዝበውታል፤ በእነዚያው ዓመታት የገንዘብ አላላኩም ቁጥጥሩም ተለውጦ ነበርና። ተቃውሞው ትክክል ነው። ቢሆንም የሰሌዳው ዋጋ አይጠፋም፤ ወላጁ በሰሌዳው ላይ ያለውን አኃዝ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ማስተያየት ችሏል። ኢትዮጵያም ከ2006 ወዲህ በመሠረታዊ አገልግሎቶች መርሐ ግብር የወረዳ በጀትን በአደባባይ እንዲለጠፍ ስታደርግ መንገዱ ተመሳሳይ ነበር።

ገንዘቡ ትምህርት ቤት ደረሰ ማለት ልጁ ተማረ ማለት እንዳልሆነም በዚያው በኡጋንዳ ታይቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በስድስት አገሮች በተደረገ ጥናት፣ ሳይታሰብ በተካሄደ ጉብኝት ከኡጋንዳ የአንደኛ ደረጃ መምህራን 27 በመቶው፣ ከጤና ሠራተኞች ደግሞ 37 በመቶው በሥራ ቦታቸው አልተገኙም። ኋላ «ኡዌዞ» በሚል ስም በሦስቱም አገሮች ቤት ለቤት የተካሄደው ምዘና ከሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የሁለተኛ ክፍልን ንባብና ሒሳብ በቅጡ የሚያውቁት ከሦስት አንድ እንደማይሞሉ አሳየ። በውጤቱ ኬንያ ከሁለቱ ትሻል ነበር፤ ሰሜኗ ግን ከሁሉም ኋላ ከቀሩት መካከል ነበር። ወንበር መቁጠር ቀላል ነው፤ ያወቀውን ልጅ መቁጠር ግን መንግሥታት የማይወዱት ሥራ ነው።

በበሽታም ረገድ ያው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኡጋንዳ የሐይቅ ዳርቻ፣ በራካይ አውራጃ ባሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ሰውን የሚያከሳ እንግዳ ሕመም ታየ፤ ሰዎቹ «ስሊም» አሉት። በ1986 አዲሱ የኡጋንዳ መንግሥት በጄኔቭ በተደረገ የጤና ጉባኤ ኤድስ በአገሩ መኖሩን በግልጽ ተናገረ። በ1987 የሕሙማን መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ፤ ዘፋኙ ፊሊ ሉታያ በ1989 መታመሙን በአደባባይ ተናግሮ በዚያው ዓመት አረፈ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 15 በመቶ ገደማ የነበረው የቫይረሱ ስርጭት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ ከዚህ ውስጥ የሞቱት ሰዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። በዚያው ዘመን ኬንያ ቱሪስት ይሸሸናል ብላ ስለ በሽታው የሚጽፉ የውጭ ጋዜጦችን ትቆጣ ነበር፤ ኤድስ ብሔራዊ አደጋ ነው ተብሎ የታወጀው በኅዳር 1999 ነው። በሐይቁ የኬንያ ዳርቻ ያሉት የሉኦ መንደሮች የዚያን ዝምታ ዋጋ ከማንም በላይ ከፈሉ። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ እውነቱን ለመናገር የደፈረው የያኔው የኡጋንዳ መንግሥት ፓርቲዎች እንዳይወዳደሩ የከለከለ መሆኑ ነው። የአስተዳደር ጥራት ከምርጫ ጋር ሁልጊዜ እጅ ለእጅ አይሄድም። ኢትዮጵያም በ2000 ከ1000 ሕፃናት 166 የነበረውን የሞት መጠን በ2016 ወደ 67 ያወረደችው በየቀበሌው ባሰማራቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትጋት እንጂ በፓርላማዋ ክርክር አልነበረም። ግን ደግሞ በኅዳር 2020 በትግራይ የተነሣው ጦርነት ለዓመታት የተሠሩ ጤና ጣቢያዎችን በወራት ውስጥ ሲያወድም፣ ግጭትን በንግግር መፍታት የሚችል ሥርዓት አለመኖሩ ምን እንደሚያስከፍል ታይቷል።

ኬንያውያን በታኅሣሥ 2002 ድምፅ ሰጥተው መንግሥት ለወጡ። በጥር 2003 ትምህርት ነጻ ሲሆን ተማሪው ከ5.9 ሚሊዮን ወደ 7.2 ሚሊዮን አደገ። በተከታዩ ዓመት የ84 ዓመቱ የማው ማው ታጋይ ኪማኒ ማሩጌ ቁምጣ ለብሰው፣ ቦርሳ አንግተው አንደኛ ክፍል ገቡ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ለማንበብና ገንዘባቸውን ራሳቸው ለመቁጠር ይፈልጉ ነበር። ማሩጌ በ2009 ዐረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለነጻው ትምህርት ከተመደበው ገንዘብ የተሰረቀ መኖሩ ተጋልጦ እንግሊዝ፣ ቀጥሎም አሜሪካ እርዳታቸውን አቆሙ። ልዩነቱ መጋለጡ ነበር፤ የጎልደንበርግን ያህል ዓመታት አልፈጀም። በነሐሴ 2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ገንዘብና ሥልጣን ለ47 አውራጃዎች አከፋፈለ፤ ማንዴራና ዋጂር በጀታቸውን ራሳቸው መመደብ የጀመሩት ከ2013 ወዲህ ነው።

በዚህ ጊዜ የምዋሊሙ አገር ወደ ኋላ የተመለሰችበት ሁኔታ ነበር። በ2018 የታንዛኒያ ፓርላማ የመንግሥትን አኃዝ የሚያስተባብል ቁጥር ማውጣትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ፤ በ2019 እንዲለዝብ ተደረገ። በ2020 የኮሮና ሕሙማን ቁጥር 509 ሲደርስ መቁጠሩ፣ ቢያንስ መናገሩ፣ ቆመ። ከዚያ በፊት በሰኔ 2017 ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ ያረገዘች ተማሪ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንደማትመለስ ተናግረው ነበር። ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን በመጋቢት 2021 ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ በኅዳር ወር፣ እገዳው ተነሣ። በምዋንዛ ወይም በቡኮባ በ2017 የ15 ዓመት ልጅ የነበረችና ያን ጊዜ ከክፍል የወጣች፣ በሩ ሲከፈትላት 19 ዓመቷ ነበር።